የርዕሰ ብሔር ደመወዝ፣ ጡረታና ጥቅማ ጥቅም፦ ለተማሪዎች የአዋጅ ረቂቅ ምን ምን ይግባ?

የታቦር መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ የ12ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ለተማሪዎቹ የቡድን ሥራ ሰጥቻለሁ። «ሀገር ሀ» የፓርላማ ሥርዓት አላት፤ የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው፤ ርዕሰ ብሔሩ የጸደቀ ሕግ ይፈርማል፣ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኒሻን ይሰጣል፣ ምክር ቤቱን ይከፍታል። የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሊመረጥ ይችላል። የዚህን ሰው ደመወዝ፣ ጡረታና ጥቅማ ጥቅም የሚወስን ከሁለት ገጽ ያልበለጠ አዋጅ አርቅቁ ነው ያልኳቸው።

የመጡት ረቂቆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ደመወዙ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ቡድን 30 ሺህ ብር ሲል ሌላው 300 ሺህ ይላል። ከዚያ «ከሥልጣን ሲወርድ ቤትና መኪና ይሰጠዋል» ብለው ይዘጉታል።

እንዲህ ያለ ሕግ የሚጎድለው ነገር እንዳይኖር ምን ምን መያዝ አለበት? የእኛው ሕግ የት ይገኛል፣ ምን ልምድስ አለን? የጡረታው ስሌት እንዴት ነው የሚሠራው? ሌሎች ሀገሮችስ የት ላይ ተደናቀፉ? ለሁለተኛው ዙር ረቂቅ ስለሆነ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ።

ነጋሪት አንባቢ

መምህር፣ መጠኑን መጨረሻ ላይ ያምጡት። መጀመሪያ ተማሪዎቹ የሀገራችንን ሕግ ያግኙ፤ ማግኘቱ ራሱ ወጥመድ አለው።

ሕገ መንግሥቱ ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚናገረው ከአንቀጽ 69 እስከ 71 ነው። በዕጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመረጠው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ስለ ደመወዝና ጡረታ ግን እዚያ ቃል የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከአዋጅ ይመጣል። መነበብ ያለባቸው አዋጅ ቁጥር 255/1994፣ አዋጅ ቁጥር 653/2001 እና ይህንኑ ያሻሻለው 1003/2009 ናቸው።

ወጥመዱ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። አዋጅ 255 በነጋሪት ጋዜጣው የእንግሊዝኛ ዓምድ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ 2001 ተብሎ ይጠቀሳል፤ አዋጅ 653 ደግሞ በአማርኛው ዓምድ 2001 ነው። «የ2001ዱ አዋጅ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎችን ያምታታል። ቁጥሩን ይያዙ፤ ዓመቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ።

255 የወጣው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሲሰናበቱና አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሲተኩ፣ በ1994 መግቢያ ነው። ለክርክር የሚመቸው አንቀጹ ከኃላፊነት የወረደ ፕሬዚዳንት ከወገንተኛ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ገለልተኛ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ያንን ካላከበረ ጥቅማ ጥቅሙ ይቀራል። ዶክተር ነጋሶ በ1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በአንድ በኩል የመምረጥና የመመረጥ መብትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 አለ፤ በሌላ በኩል «ይህ ለሹመቱ ክብር ሲባል በሁኔታ የተሰጠ ስጦታ ነው» የሚለው መከራከሪያ አለ።

ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ አንቀጽ ማስገባት ከፈለጉ «ከፖለቲካ ይራቅ» ብለው ማለፍ አይችሉም። የተከለከለው የትኛው ነው? ዕጩ መሆን? የፓርቲ አባልነት? ለፓርቲ ገንዘብ ማዋጣት? ጋዜጣ ላይ መንግሥትን መተቸት? በግል መወዳደር ወገንተኝነት ነው ወይስ አይደለም? ጥሰት መኖሩን የሚወስነው ማን ነው፤ አስፈጻሚው አካል በደብዳቤ ወይስ ፍርድ ቤት? ሰውየው ከውሳኔው በፊት ይደመጣል? የሚቋረጠው የትኛው ጥቅም ነው፤ ከምርጫው ወጥቶ ቤቱ ሲቀመጥስ ይመለስለታል? በእኔ እምነት ሰውየው ከደመወዙ እያዋጣ ያገኘው ጡረታ በምንም ሁኔታ መነካት የለበትም። ከመንግሥት ንብረት የሚሰጠው ቤትና መኪና ግን በሁኔታ ቢታሰር ቢያንስ የሚያሟግት ምክንያት አለው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ያጨቀ ረቂቅ ውድቅ ነው።

653 ሰፊ ነው፤ የአገርና የመንግሥት መሪዎችን፣ ከፍተኛ ኃላፊዎችን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን አብሮ ይዟል። የመኖሪያ ቤት፣ የተሽከርካሪ፣ የሕክምና፣ የግል ጥበቃና የስንብት ክፍያ ጉዳዮችን እዚያ ያገኟቸዋል። ከነማሻሻያው ካልተነበበ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ሰው ዋናውን ብቻ ይዞ ይከራከራል።

ረቂቆቹን መፈተኛ ደግሞ እዚሁ ከእጃችን አለ። ዶክተር ነጋሶ አንድ ዘመን ጨርሰው ወጡ። አቶ ግርማ ሁለቱንም ዘመን 12 ዓመት አገለገሉ፤ ከወረዱ ከአምስት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2011 አረፉ። ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ዘመናቸው ሊያልቅ ዓመት ያህል ሲቀረው ጥቅምት 15 ቀን 2011 ለቀቁ። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ 6 ዓመታቸውን ሞልተው መስከረም 27 ቀን 2017 ለአቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ አስረከቡ። እያንዳንዱ ቡድን ረቂቁን በእነዚህ አራት አወጣጦች ላይ ያስኪደው። ከዚያ በሥራ ላይ እያለ የሞተ፣ በሕመም መሥራት ያቃተው፣ በወንጀል የተነሣ ብለው ሦስት ይጨምሩላቸው። «የሥራ ዘመኑን ሲያጠናቅቅ» ብሎ የጻፈ ቡድን ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ ዘመኑን ሳይጨርስ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል ማለት ነው። «ከኃላፊነት ሲነሣ» ያለው ደግሞ በወንጀል ለተነሣውም ይከፍላል።

አሞራ ገደል

ይቅርታ ግን ዋናውን ጥያቄ ዘለላችሁት። እስክሪብቶ ይዞ ለሚፈርም፣ በዓመት አንዴ ንግግር ለሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ ለምን? ለዚያውም ንግግሩ መንግሥት ያዘጋጀለት ነው። በነጻ የሚያገለግል የተከበረ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? እኔ ቡድን ብሆን ደመወዙን ዜሮ አድርጌ፣ ቤተ መንግሥት አኑሬ፣ ስድስት ዓመቱ ሲያልቅ አመስግኜ እሸኘዋለሁ።

የጡረታ ስሌት

የአሞራ ገደልን ጥያቄ ሌላ ሰው ይመልሰው፤ እኔ ወደ ቁጥሩ ልሂድ። ተማሪዎች መጀመሪያ አጠቃላዩን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ እንደ መነሻ ይውሰዱ፤ ከዚያ ልዩ ሕጉ የቱን እንደሚለውጥ ይጻፉ። አጠቃላዩ ቀድሞ አዋጅ 714/2003 ነበር፤ አሁን 1267/2014 ነው። (715 እና 1268 የግል ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ እንዳይሳሳቱ።) የመንግሥት ተሿሚዎችም እዚሁ ውስጥ ይካተታሉ።

መዋጮው ለሲቪል ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ለአሠሪው 11 በመቶ ነው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ማለትም በ36 ወር አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል።

የ«ሀገር ሀ»ን ርዕሰ ብሔር ደመወዝ ለምሳሌ ያህል 40,000 ብር እንበለው። የሠራተኛው መዋጮ 2,800፣ የመንግሥት 4,400፣ በድምሩ በወር 7,200 ብር ለፈንዱ ይገባል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው፤ በአቋራጭ 40,000 × 0.35 − 2,050 = 11,950 ብር ግብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 25,250 ብር ነው። ተማሪዎቹ «ደመወዙ ይህን ያህል» ሲሉ ያልተጣራውን ይሁን የተጣራውን አይጽፉም፤ ልዩነቱን ሲያዩት ይደነግጣሉ። ርዕሰ ብሔሩ ግብር ይከፍላል አይከፍልም የሚለውም በግልጽ ይጻፍ። ዝም ካሉ አንዱ ሒሳብ ሹም ይቆርጣል፣ ሌላው አይቆርጥም፤ ኦዲት ሲመጣ ወደ ኋላ ተሰልቶ ይጠየቃል።

አሁን ጡረታው። ሰውየው ቀድሞ በውጭ ጉዳይ 22 ዓመት ሠርቷል እንበል፤ ከ6ቱ ጋር 28። ስሌቱ 30 + (18 × 1.25) = 52.5 በመቶ። ሦስቱንም ዓመት 40,000 ከተከፈለው አበሉ 21,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛው፣ ከመውረዱ አንድ ዓመት ሲቀረው ደመወዙ ወደ 60,000 ቢያድግ አማካዩ (24 × 40,000 + 12 × 60,000) ÷ 36 ሲሆን 46,667 ብር ገደማ ነው፤ አበሉ 24,500 ይሆናል። በመጨረሻው ደመወዝ ቢሰላ ግን 31,500 ነበር። የ7,000 ብር ልዩነት በወር፣ ዕድሜ ልክ። ስለዚህ ረቂቁ «አማካይ» ወይም «የመጨረሻ ደመወዝ» የሚለውን መምረጥ አለበት። የመጨረሻውን የመረጠ ቡድን ሰውየው ሊወጣ ሲል ደመወዙን የመቆለል ፈተና እንዳለ ይወቅ።

ሁለተኛው ይብሳል። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ውጭ ሀገር ያስተምር የነበረ፣ ወይም የራሱ ሥራ የነበረው ቢሆንስ? የጡረታ መዋጮ ያልገባበት ዘመን በራሱ አይቆጠርም። ያለው 6 ዓመት ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ በአጠቃላዩ ሕግ የሚያገኘው አንዴ የሚከፈል ዳረጎት እንጂ ወርኃዊ አበል አይደለም። ለርዕሰ ብሔር ልዩ ሕግ ማስፈለጉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሥራ ዘመኑ በተፈጥሮው ከጡረታ መነሻው ያንሳል።

ልዩ አበል ከወሰኑ ደግሞ ቀድሞ ከነበረው ጡረታ ጋር ይደመር ወይስ ይቻቻል (አንዱ ከሌላው ይቀነስ)? ለምሳሌ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ወይም ዳኛ ቢመረጥ፣ በሥራ ዘመኑ ደመወዝም ጡረታም ይወስዳል? ሲወርድ ሁለት ጡረታ? ዕድሜው 50 ሆኖ ቢወርድስ፣ ክፍያው ወዲያው ይጀምር ወይስ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 እስኪሞላ ይጠብቅ? እነዚህን ያልመለሰ ረቂቅ ሥራ ላይ ሲውል በሰርኩላር ይመለሳል፤ ሰርኩላር ደግሞ ከሚኒስትር ሚኒስትር ይለያያል።

ተተኪዎችን አይርሱ። በአጠቃላዩ ሕግ የሟች ባል ወይም ሚስት 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል፤ ወላጆችም ድርሻ አላቸው፤ ድምሩ ከሟቹ አበል አይበልጥም፤ ከበለጠ ከሁሉም በየድርሻው ይቀነሳል። ሚስትና አራት ልጆች ቢተርፉ 130 በመቶ ስለሚመጣ ሁሉም ወደ ታች ይስተካከላል። ተማሪዎች ይህንን ሠርተው ያሳዩ፤ ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል።

ጥቁር ውኃ

ለአሞራ ገደል፦ ደመወዙ ዜሮ ከሆነ የሚመረጠው ሀብታም ብቻ ነው፤ ወይም ሌላ ሰው የሚደጉመው። ሁለተኛው የከፋ ነው። ያ ሰው ይቅርታ ይሰጣል፣ ኒሻን ይሰጣል፣ ሹመት ይፈርማል። ከጀርባው ወጪውን የሚሸፍንለት ነጋዴ ካለ ማን ምን እንዳገኘ መጠየቁ አይቀርም። ሽማግሌውም ቢሆን ስድስት ዓመት ቤተ መንግሥት ከርሞ በሰባተኛው ዓመት የቤት ኪራይ የሚፈልግ ከሆነ፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ሲፈርም ልቡ የት እንደሚሆን ይገመታል። ቀላል ሥራ ስለሆነ ትንሽ ይከፈለው የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምንም አይከፈለው ግን ሌላ ነው።

የሌሎች ሀገሮች ነገር። ቁጥሩን መቅዳት ጥቅም የለውም፤ የተደናቀፉበትን ማየት ነው።

ሕንድ፦ የፕሬዚዳንቱ ደመወዝ በወር 150 ሺህ ሩፒ ላይ በቁጥር ተጽፎ ቆመ። በ2016 (ከዚህ ጀምሮ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የካቢኔ ጸሐፊው 250 ሺህ ደረሰ። የበታች ሹም ከርዕሰ ብሔሩ 100 ሺህ በለጠ። በ2018 በጀት ወደ 500 ሺህ አሳድገው ወደ ኋላ ከጥር 2016 ጀምሮ እንዲታሰብ አደረጉ፤ ጡረታውም ግማሹ ነው። ስህተቱ በሕጉ ውስጥ ቁጥር መጻፍ ነበር። ጀርመን ከቁጥር ይልቅ ጥምርታ ጻፈች፤ ፕሬዚዳንቱ የመራሔ መንግሥቱን ደመወዝ አሥር ዘጠነኛ ያገኛል። ኦስትሪያም እንደዚያው ነች፤ በአንድ መነሻ መጠን ላይ ፕሬዚዳንቱ 280 በመቶ፣ መራሔ መንግሥቱ 250 በመቶ። አንዱ ሲያድግ ሌላው ያድጋል፤ በየጊዜው ፓርላማ ገብቶ መጨቃጨቅ የለም። ለ«ሀገር ሀ» ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ደመወዝ ጋር ማሰር ይሻላል እላለሁ፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ካሰሩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለታይታ የራሱን ሲቀንስ የርዕሰ ብሔሩም ይወርዳል።

የዘመን ርዝመት ላይ ግን ጀርመን ተያዘች። ክርስቲያን ቩልፍ በየካቲት 2012 ሥራ ከጀመሩ 20 ወር ሳይሞላ ለቀቁ። ሕጉ በፖለቲካ ወይም በጤና ምክንያት ቀድሞ የለቀቀ ፕሬዚዳንት ዕድሜ ልኩን ሙሉ የሥራ ዘመን ክፍያውን ያገኛል ይላል። የለቀቁት በግል ጉዳይ ነው ወይስ በፖለቲካ የሚለው ሀገሩን አነጋገረ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት «የፖለቲካ ምክንያት ነው» ብሎ ወሰነ፤ በዓመት 199 ሺህ ዩሮ ተፈቀደ። ልብ በሉ፣ የወሰነው ራሱ ይመሩት የነበረው ጽሕፈት ቤት ነው። አውስትራሊያም ፒተር ሆሊንግዎርዝ በ2003 ሁለት ዓመት ሳይሞሉ ከአገረ ገዥነት (ዘውዱን ወክሎ የርዕሰ ብሔርን ሥራ ከሚሠራው ሹመት) ሲለቁ ዕድሜ ልክ ጡረታው ለዓመታት አከራከረ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ አበሉን በዓመት ቆጥሮ ማሳደግ ነው። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓመት 10 በመቶ፣ እስከ 60 በመቶ። ሁለት ዓመት የሠራ 20 በመቶ ያገኛል፤ ምክንያቱን መፈለግ አያስፈልግም።

አውስትራሊያ ሌላም ትምህርት አላት። በ2024 አዲሷ አገረ ገዥ ሳም ሞስቲን 709,017 ዶላር ሲወሰንላቸው፣ ቀዳሚያቸው ዴቪድ ኸርሊ 495,000 ስለነበረ ጩኸት ተነሣ። ምክንያቱ ግን ኸርሊ የጦር ጡረታ ስለነበራቸው ደመወዛቸው ያንን ታሳቢ አድርጎ ዝቅ ብሎ መወሰኑ ነው። የጡረታ ስሌት ከላይ የጠየቀው «ይደመር ወይስ ይቻቻል» የሚለው ማለት ነው። ማቻቻሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕዝብ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ረቂቁ ሙሉውን ደመወዝ ጽፎ ከሥሩ «የሌላ መንግሥታዊ ጡረታ መጠን ይቀነሳል» ቢል ጩኸቱ ይቀንሳል።

አየርላንድ ደግሞ ደመወዝና አበል አንድ ላይ ሲደባለቁ የሚሆነውን አሳየች። ፕሬዚዳንቱ ከደመወዙ ሌላ ለእንግዳ መቀበያና ለመሰል ወጪ በዓመት 317,434 ዩሮ ያገኛል። መጠኑ በ1998 በ250 ሺህ የአየርላንድ ፓውንድ ተወስኖ ወደ ዩሮ ተመንዝሮ ሳይነካ የቀረ ነው። በ2018 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ ላይ «ይህ ገንዘብ በምን ላይ ዋለ?» ተባለ፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ አይወጣም ነበርና ዕጩዎቹ ሁሉ ስለ እሱ ተጠየቁ። ስለዚህ ደመወዝ ለሰውየው ነው፤ የመስተንግዶ ወጪ ግን የጽሕፈት ቤቱ በጀት ይሁን፤ በራሱ ርዕስ ይያዝ፣ በደረሰኝ ይወራረድ፣ ዋናው ኦዲተር ይየው። «የኃላፊነት አበል» ብሎ ለሰውየው በጥሬው መስጠት ክብሩን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

አንድ የሚጠብቀው አንቀጽም አይረሳ፤ የአየርላንድም የሕንድም ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱ ክፍያ በሥራ ዘመኑ ውስጥ አይቀነስም ይላሉ። የአውስትራሊያ ጭራሽ አይቀነስም አይጨመርም ነው። ፓርላማው ሕግ አልፈርምም ያለውን ሰው በደመወዝ እንዳይቀጣው፣ ወይም እንዳይደልለው።

የታቦር መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህ ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃኛል። አንድ የቀረኝ፦ «ቤትና መኪና ይሰጠዋል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንዴት ላስፋፋቸው? ተማሪዎቹ ቀላሉ እሱ ነው ብለው ያምናሉ።

ንብረትና ስምሪት

መምህር፣ ከሁሉም የሚያጣላው እሱ ነው።

ቤቱን እንውሰድ። «ይሰጠዋል» ማለት በባለቤትነት ነው ወይስ ለመኖሪያ? ለመኖሪያ ከሆነ ካርታው በመንግሥት ስም ይቆያል፤ ሰውየው አያከራየውም፣ አይሸጠውም፣ ልጁን አያወርስም። ይህ ካልተጻፈ ሃያ ዓመት ቆይቶ ወራሾች ክስ ይመሠርታሉ። መንግሥት የሚመጥን ቤት ከሌለው ከግለሰብ ይከራያል፤ ያኔ ሕጉ ላይ የኪራይ ጣሪያ በብር ከተጻፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋ ያልፈዋል፤ አከራዩም ውሉ ሲያልቅ ይጨምራል ወይም ያስወጣል። ስለዚህ ደረጃውን ይጻፉ፤ የመኝታ ክፍል ብዛት፣ የሠራተኛና የጥበቃ ክፍል፣ አጥርና መኪና ማቆሚያ። ብሩ በዓመታዊ በጀት ይወሰን።

ከዚያ ማን ምን ይከፍላል? ውኃ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ትልልቅ ጥገና (ጣሪያ፣ ቧንቧ፣ የመብራት መስመር) እና ትንንሽ ጥገና (ቁልፍ፣ አምፖል፣ ቀለም) ይለዩ። ጄኔሬተር ካለ ነዳጁ የማን ነው? የቤት ዕቃው በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ወጪ ተደርጎ፣ በዝርዝር ተፈርሞ ይሰጥ፤ በየዓመቱ ቆጠራ ይደረግበት። ያለ ቆጠራ የተሰጠ ዕቃ በርክክብ ጊዜ የሚያመጣውን ጭቅጭቅ ንብረት ክፍል የሠራ ያውቀዋል። ሶፋው የራሱ ነው የመንግሥት ነው ሲባባሉ ወር ያልፋል።

ጊዜውን አጥብቀው ይጻፉ። አዲሱ በተመረጠበት ቀን የድሮው መውጣት አለበት፤ የሚገባበት ቤት ግን ገና ቀለም እየተቀባ ነው። ምርጫው የሚካሄድበት ወር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቤቱ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት እንዲዘጋጅ፣ ካልተዘጋጀ ደግሞ ለተወሰነ ቀን ማረፊያ እንዲሰጥ አንቀጽ ይግባ። በድንገት ለለቀቀ ሰውም ይኸው ይሠራል።

መኪናው። ብዛቱን ብቻ አይጻፉ። ሊብሬው በመንግሥት ስም ይቆያል፤ ቦሎና ኢንሹራንስ (ሦስተኛ ወገንም ሙሉ ሽፋንም) መንግሥት ያስገባል፤ ሾፌሩ የማን ቅጥር እንደሆነ ይለይ። መኪናው በስንት ዓመት ወይም በስንት ኪሎ ሜትር ይተካል? ይህ ካልተጻፈ መለዋወጫ የማይገኝለት መኪና ጋራዥ ቆሞ «መኪና ተሰጥቶታል» ይባላል። ነዳጅ በሊትር ይጻፍ እንጂ በብር አይጻፍ። በብር የተጻፈ የነዳጅ አበል ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ያንሳል። ቤተሰቡ መኪናውን መጠቀም ይችላል? ከከተማ ውጭ? ልጅየው እየነዳ ቢጋጭስ? ኢንሹራንሱ ፈቃድ የሌለው ሰው ነድቶታል ብሎ ካልከፈለ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

ሕክምናው ሀገር ውስጥ ብዙም አያስቸግርም። ውጭ ሀገር ከሆነ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ (ሰውየው በራሱ ፈቃድ እንዳይሄድ)፣ የአጃቢ ብዛትና ቆይታ፣ የውጭ ምንዛሬው ከየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት እንደሚወጣ። ሦስተኛው ካልተጻፈ በሽተኛው ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። የትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም ይካተቱ አይካተቱ ይለይ።

ጥበቃ ከሁሉም አጭሩ ነው፤ ጥበቃዎቹ በፖሊስ ደመወዝና በፖሊስ ዕዝ ሥር ይቆዩ፤ የሰውየው ሠራተኞች አይሁኑ። ከላይ ነጋሪት አንባቢ ባነሣው በገለልተኝነት አንቀጽ ምክንያት ቤትና መኪና ቢቋረጥ እንኳ ጥበቃ ወዲያው መነሣት የለበትም ባይ ነኝ፤ አደጋው የሚመጣው ከሹመቱ እንጂ ከታዛዥነቱ አይደለም።

ሲሞትስ? ባለቤቱ በቤቱ ዕድሜ ልክ ይቆዩ ወይስ ለተወሰነ ዓመት? ብታገባስ፣ ቢያገባስ? መኪናው በስንት ቀን ይመለሳል? ሐዘን ቤት ሄዶ ቁልፍ መቀበል የማንም ፍላጎት አይደለም፤ ስለዚህ ሕጉ ላይ ካልተጻፈ ንብረት ክፍሉ ዝም ይላል፤ ዝምታው ዓመታት ይቆጥራል።

አሞራ ገደል

እሺ፣ ዜሮውን አንሥቻለሁ። ግን ይህ ሁሉ በሁለት ገጽ እንዴት ይገባል?

ነጋሪት አንባቢ

ይገባል፤ አዋጁ መርሁን ይይዛል፣ የክፍል ብዛቱንና ሊትሩን ለደንብ ይተዋል። አዋጁ ውስጥ መቅረት የሌለባቸው የክፍያው ጥምርታ፣ በሥራ ዘመን አለመቀነሱ፣ አበሉ በዓመት እንዴት እንደሚያድግ፣ ከሌላ ጡረታ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ተተኪዎች፣ መቋረጫው ምክንያትና የሚወስነው አካል ናቸው። እነዚህን ለደንብ የተወ ቡድን የርዕሰ ብሔሩን እጀታ ለካቢኔው ሰጠ ማለት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነውና።

ሁለት ትንንሽ ነገር ደግሞ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚዘሏቸው። አንዱ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ በሥልጣን ላይ ላለው ይሠራል? ቀደም ብለው ለወረዱትስ? «አዋጁ ከጸናበት ቀን ጀምሮ» ብቻ ካሉ ቀድሞ የወረደው ያለ ምንም ይቀራል፤ ወደ ኋላም ይሠራል ካሉ ደግሞ የበጀት ምንጩን ይጻፉ። ሌላው አስፈጻሚው ነው። ቤቱን የሚያዘጋጀው፣ አበሉን የሚከፍለው፣ መኪናውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አንድ በአንድ በስም ይጠቀስ። «አግባብ ያለው አካል» ብሎ የጻፈ ቡድን ካለ፣ መምህር፣ ነጥብ ይቀንሱለት።